ለእጅ ስካነር ሬዲዮ የሚሆን ባትሪ አመራረጥ፦ ዝርዝር መመሪያ

የእጅ ስካነር፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲዎችን እየፈተሸ ንግግር የሚይዝ በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ፣ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ አንቴናውና ስለሚያዳምጣቸው ፍሪኩዌንሲዎች ነው። ባትሪ ላይ ሲደርስ ሱቅ ይገባል፣ ማሸጊያው ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን ያነሳል፣ አለቀ። በኋላ ሬዲዮው ሳይቆይ ሲጠፋበት ወይም ድምፁ በረብሻ ሲሞላበት ሬዲዮውን ያማርራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የባትሪ ድንጋዩ ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ለምትኖሩ ነው። እዚያ የእጅ ስካነር እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሸጣል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለ ሰው የደለስ አየር ማረፊያን የማማ ንግግር ከፍቶ፣ ተቆጣጣሪው የኛን አውሮፕላን «ኢትዮጵያን» ብሎ ሲጠራው መስማት ይችላል። ይህን ደስታ የሚያውቅ ያውቀዋል። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲቃረብ ባትሪ ማለቁ ደግሞ በጣም ያናድዳል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ሕጉ ትንሽ። አሜሪካ ውስጥ የሞባይል ስልክ ንግግር መጥለፍ የተከለከለ ነው። እንደ ኒውዮርክ፣ ፍሎሪዳና ሚኒሶታ ያሉ ግዛቶች ደግሞ ያለ ፈቃድ መኪና ውስጥ ስካነር መያዝን ይገድባሉ። እንግሊዝ ውስጥ ሕጉ ከዚህ የጠበቀ ነው። ወደ ሌላ ሀገር ይዛችሁ የምትጓዙ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሬዲዮ መሣሪያ ጉምሩክ ላይ እንደ ተራ ዕቃ አይታይም።

ለቸኮለ ሰው መልሱን ከመነሻው ልንገረው። ስካነራችሁ ዳብል ኤ ድንጋይ የሚወስድ ከሆነና አዘውትራችሁ የምታዳምጡ ከሆነ፣ ተቀምጦ ቶሎ የማይወርድ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ ከጥሩ ቻርጀር ጋር ግዙ። ለአደጋ ጊዜ በቦርሳ የሚቀመጠው የማይሞላው 1.5 ቮልት ሊቲየም ይሁን። በዩኤስቢ ገመድ የሚሞላውን 1.5 ቮልት ሊቲየም አዮን ግን ለስካነር አትግዙ። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንየው።

እርምጃ 1፦ ክዳኑን ክፈቱና የተጻፈውን አንብቡ

ድንጋይ ከመግዛታችሁ በፊት የሬዲዮውን የጀርባ ክዳን ክፈቱ። ስንት ድንጋይ እንደሚወስድ ቁጠሩ። ዩኒደን ቢሲ125ኤቲ ሁለት ዳብል ኤ ይወስዳል። የዚሁ ኩባንያ ቢሲዲ436ኤችፒ ሦስት ይወስዳል። ዊስለር ቲአርኤክስ-1 አራት ይፈልጋል። ዩኒደን ኤስዲኤስ100 ደግሞ የራሱ ሊቲየም አዮን ባትሪ ያለው ስለሆነ ምርጫችሁ የድንጋይ ዓይነት ሳይሆን ዋናውን ባትሪ ወይስ ተመሳሳዩን የሚለው ብቻ ነው። እሱን የያዛችሁ ዋናውን ግዙ፤ ከፈለጋችሁ አንድ መለዋወጫ ጨምሩ፤ ከዚያ ስለ ረብሻ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ጉዞ ወደተጻፈው እለፉ።

አሁን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ቢሲ125ኤቲ ላይ ድንጋዮቹን ስታወጡ ውስጡ አንዲት ትንሽ ማንሸራተቻ አለች። አንዱ ጫፍ አልካላይን (የማይሞላው)፣ ሌላው ጫፍ ኒኬል (የሚሞላው) ይላል። በጣት ለማንቀሳቀስ ትንሽ ናት፤ የእስክሪብቶ ጫፍ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ድንጋዩን ከትቶ ክዳኑን ይዘጋና ይህችን ነገር ሳያያት ዓመት ይሞላዋል።

ዋናው ነገር ግን እሷ ናት። ማንሸራተቻዋ ኒኬል ላይ ሆና አልካላይን ድንጋይ ውስጥ ካለ፣ የዩኤስቢ ገመድ በሰካችሁ ቁጥር ሬዲዮው የማይሞላውን ድንጋይ ሊሞላው ይሞክራል። አልካላይን በግድ ሲሞላ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፣ ይሞቃል፣ ያፈሳል፤ አንዳንዴም ይፈነዳል። ተቃራኒው ያን ያህል አደገኛ አይደለም። ኒኬል ከትታችሁ ማንሸራተቻዋ አልካላይን ላይ ከቀረች ድንጋዩ አይሞላም፤ የባትሪ ምልክቱም በትክክል አይነግራችሁም።

የድሮ የሬዲዮሻክ ስካነር ያላችሁ ደግሞ ሁለት የድንጋይ ማቀፊያ ታገኙ ይሆናል፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ቢጫ። ጥቁሩ ለማይሞላ፣ ቢጫው ለሚሞላ ድንጋይ ነው። ቢጫው ውስጥ አልካላይን አታስገቡ፤ አደጋው ከላይ ያልኩት ነው። ያገለገለ ሬዲዮ ስትገዙ ሁለቱም ማቀፊያዎች አብረው መኖራቸውን ጠይቁ።

እርምጃ 2፦ አጠቃቀማችሁን ለይታችሁ እወቁ

ጥያቄው አንድ ነው፦ ሬዲዮው በየቀኑ ይበራል ወይስ ተቀምጦ ይጠብቃል? በየቀኑ የሚበራ ከሆነ የምትፈልጉት ደጋግሞ የሚሞላ ድንጋይ ነው። ተቀምጦ የሚጠብቅ ከሆነ የምትፈልጉት ዓመታት ቆይቶ የማይከዳ ነው። ሁለቱንም የሚያደርግ ሰው ሁለት ዓይነት ይያዝ። አንድ ድንጋይ ለሁሉም ይሆናል ብላችሁ ከተነሳችሁ የሆነ ቦታ ላይ መጉደሉ አይቀርም።

እርምጃ 3፦ የድንጋዩን ዓይነት ምረጡ

ሱቅ ውስጥ በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ በአንድ መጠን፣ አምስት ዓይነት ድንጋይ ታገኛላችሁ። መልካቸው አንድ ነው፤ ውስጣቸው ለየቅል።

*ዚንክ ካርቦን።* ርካሹ ነው። «ሄቪ ዱቲ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይመጣል፤ ስሙ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ከሁሉም ደካማው እሱ ነው። ለግድግዳ ሰዓትና ለቲቪ ሪሞት ይበቃል። ስካነር ያለማቋረጥ የሚስበውን ያህል ግን አይችልም፤ ሲያልቅም ማፍሰስ ይወዳል። እለፉት።

*አልካላይን።* የትም ይገኛል፣ ለድንገተኛ ነገር ይሆናል። አዲሱ ስትለኩት 1.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከተጠቀማችሁበት ጊዜ ጀምሮ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ግማሽ አካባቢ ሲደርስ በሥራ ላይ 1.2 ቮልት አካባቢ ነው። ይህን አስታውሱት፤ አሁን ይጠቅመናል። አንድ ጥሩ አልካላይን ከ2000 እስከ 3000 ሚሊአምፔር ሰዓት (የድንጋይ አቅም መለኪያ ነው) ቢይዝም፣ ሬዲዮው ቮልቱ ሲወርድበት ቀድሞ ስለሚጠፋ ሁሉንም አትጠቀሙበትም። ትልቁ ችግሩ ማፍሰሱ ነው። ውስጡ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አለ። መሣቢያ ውስጥ የተረሳ ስካነርን የሚገድለው እሱ ነው።

*ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ።* ከዚህ በኋላ «ኒኬል» እያልኩ ልቀጥል። የሚሞላ ነው፤ ማሸጊያው ላይ 1.2 ቮልት ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። «ሬዲዮዬ 1.5 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ይህ አይበቃውም» ይላል። ይበቃዋል። አልካላይኑም ግማሹን ዕድሜውን የሚኖረው በ1.2 ቮልትና ከዚያ በታች ነው ብለናል። ኒኬሉ ደግሞ ከሞላበት ሰዓት ጀምሮ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ 1.2 አካባቢ ረግቶ ይቆያል፤ ከዚያ በድንገት ይወርዳል። የእጅ ስካነሮች ይህን ታስቦ የተሠሩ ናቸው፤ ቢሲ125ኤቲም ከሳጥኑ የሚወጣው ከሁለት ኒኬል ድንጋይ ጋር ነው።

ኒኬልም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው ዓይነት ሳትነኩት በወር ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊባክን ይችላል። ሞልታችሁት ሁለት ወር ብታስቀምጡት እስከ ግማሽ የጎደለ ድንጋይ ሊጠብቃችሁ ይችላል። አዲሱ ዓይነት ተቀምጦ ቶሎ አይወርድም። ይህን በሰፊው ያስተዋወቀው ሳንዮ በ2005 ያወጣው ኢነሉፕ ነው፤ ዛሬ በፓናሶኒክ ስም ይሸጣል። ተራው ኢነሉፕ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ኩባንያው እስከ 2100 ጊዜ ይሞላል፣ አሥር ዓመት ተቀምጦም 70 በመቶውን ይይዛል ይላል። ኢነሉፕ ፕሮ የሚባለው ጥቁሩ 2500 ገደማ ይይዛል፤ የሚሞላው ግን ወደ 500 ጊዜ ነው። የኢኬአው ላዳም 2450 የሚይዝ፣ ዋጋው ቀለል ያለ ጥሩ አማራጭ ነው።

እኔ ለስካነር ተራውን ነጩን እመርጣለሁ። ትልቁ የሚጨምርላችሁ ሩቡን ያህል ሰዓት ነው፤ የሚቀንስባችሁ ግን ከዕድሜው ሦስት አራተኛውን ነው። ሁለት ተጨማሪ ድንጋይ ኪስ ውስጥ መያዝ ይሻላል።

*የማይሞላ ሊቲየም፣ 1.5 ቮልት።* ኤነርጃይዘር አልቲሜት ሊቲየም የሚታወቀው እዚህ ነው። አንዱ ዳብል ኤ 15 ግራም ይመዝናል፤ አልካላይኑ 23 ግራም ነው። ልዩነቱ እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል። ወደ 20 ዓመት ተቀምጦ ይሠራል፣ ማፍሰስ አይወድም፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይቋቋማል። ዋጋው ግን ይከብዳል። ለየቀኑ ማዳመጫ ገንዘብ ማባከን ነው። ለአደጋ ቦርሳ ግን የሚተካከለው የለም።

*ሊቲየም አዮን።* እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው 14500 የሚባለው ድንጋይ ነው። መጠኑ ልክ እንደ ዳብል ኤ ነው፤ ቮልቱ ግን 3.7፣ ሲሞላ 4.2 ነው። ሁለቱን ሦስት ቮልት ለሚጠብቅ ስካነር ብትከቱት ከ8 ቮልት በላይ ትልኩበታላችሁ። ሬዲዮውን ያቃጥለዋል። ቮልቱን ሳታነቡ ከኦንላይን ሱቅ «ሊቲየም ዳብል ኤ» ብላችሁ አትግዙ። ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ የረቀቀ ስለሆነ ለብቻው አነሳዋለሁ።

እርምጃ 4፦ በዩኤስቢ የሚሞላው ድንጋይ ለምን ለስካነር አይሆንም?

ጎኑ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው፣ 1.5 ቮልት የሚል ድንጋይ አሁን በየሱቁ አለ። ውስጡ ሊቲየም አዮን ነው፤ 3.7 ቮልቱን ወደ 1.5 የሚያወርድ ትንሽ ሰርኪዩት ጫፉ ላይ ተገጥሞለታል። ያ ሰርኪዩት ኃይሉን በጣም በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ነው የሚያወርደው። ይህ ማብራትና ማጥፋት የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። ለአሻንጉሊት መኪና ምንም አይደለም። ስካነር ግን ደካማ ሞገድ ለመያዝ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ረጪውን አንቴናው ሥር አስቀምጣችሁለት ማለት ነው።

የአውሮፕላን ንግግር ላይ ደግሞ ይብሳል። ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው የአቪዬሽን ባንድ ኤኤም ነው። ኤኤም ላይ ረብሻ በቀጥታ ይሰማል። እንደ 162 ሜጋኸርዙ የአየር ጠባይ ሬዲዮ ያለ ኤፍኤም ንግግር ረብሻውን በተወሰነ ደረጃ ይደብቃል፤ ደካማውን ጣቢያ ግን እዚያም ይውጠዋል።

ሁሉም እኩል አይረጩም፤ ንጹህ የሆነም ይገኛል። ስለዚህ ከነበራችሁ ራሳችሁ ፈትኑት። እንዲህ ነው፦

መጀመሪያ አልካላይን ወይም ኒኬል ክተቱ። ከኮምፒውተር፣ ከቲቪና ከቻርጀር ራቅ በሉ፤ ግቢ ወይም በረንዳ ይሻላል። በአቪዬሽን ባንድ ውስጥ ማንም የማይናገርበት ፍሪኩዌንሲ ላይ አቁሙ። ስኩዌልቹን፣ ማለትም ንግግር በሌለበት ጊዜ ሬዲዮውን ጸጥ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ እስከ መጨረሻ ክፈቱት፤ የሽሽሽ ድምፅ ይሰማል። ድምፁን በደንብ አዳምጡ፤ ለስላሳና አንድ ወጥ መሆን አለበት። አሁን ሬዲዮውን አጥፍታችሁ የምትጠራጠሩትን ድንጋይ ክተቱና እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ መልሱት። ጥዝዝታ፣ ፉጨት ወይም ቶክ ቶክ የሚል ነገር ከተጨመረ መልሱን አገኛችሁ። ሌሎች ሦስት አራት ፍሪኩዌንሲዎች ላይም ድገሙት፤ ረብሻው አንዱ ጋ ጠፍቶ ሌላው ጋ ሊወጣ ይችላል።

ይኸው ፈተና ለቻርጀርና ለፓወር ባንክም ይሠራል። ሬዲዮውን በፓወር ባንክ እያሠራችሁ ረብሻ ከሰማችሁ ገመዱን ንቀሉት። ጸጥ ካለ ጥፋተኛው ታወቀ።

ሌላም ችግር አለው። ሰርኪዩቱ እስከ መጨረሻ 1.5 ቮልት ስለሚሰጥ የሬዲዮው ምልክት «ሙሉ ነው፣ ሙሉ ነው» እያለ ይቆይና ድርግም ይላል። ማስጠንቀቂያ የለም።

እርምጃ 5፦ ቁጥሩን በጥርጣሬ አንብቡ

የድንጋይ አቅም የሚጻፈው በሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ዳብል ኤ ኒኬል ውስጥ ሊገባ የሚችለው ከ2500 እስከ 2700 ገደማ ነው፤ ቦታው ይኸው ነው። 3500 ወይም 4000 የሚል ኒኬል ዳብል ኤ ካያችሁ ውሸት ነው። አትግዙት። ቁጥሩን የዋሸ ኩባንያ ሌላውንም ይዋሻል። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ካላችሁ መዝኑት፤ ጥሩ 2000 ኒኬል 26 ወይም 27 ግራም አካባቢ ይመዝናል። 18 ግራም ከሆነ ውስጡ ጎድሎ ነው።

በዩኤስቢ የሚሞሉት ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው። ቁጥራቸውን በሚሊዋት ሰዓት ይጽፋሉ። 3000 ሚሊዋት ሰዓት ለ1.5 ሲካፈል 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። 2000 የሚለው ኒኬል በ1.2 ሲባዛ 2400 ሚሊዋት ሰዓት ነው። ልዩነቱ ማሸጊያው ላይ እንደሚመስለው አይደለም። ቁጥር ከማወዳደራችሁ በፊት ከጎኑ ያለውን መለኪያ እዩ።

አልካላይንና የማይሞላ ሊቲየም ስትገዙ የተጻፈውን የማብቂያ ዓመት ፈልጉ። ራቅ ያለውን ውሰዱ።

እርምጃ 6፦ ቻርጀሩ ላይ አትሰስቱ

ጥሩ ኒኬል በመጥፎ ቻርጀር ይሞታል። ርካሹ ቻርጀር ሰዓት ቆጥሮ ነው የሚያቆመው፤ ድንጋዩ ሞልቷል አልሞላም አያውቅም። ግማሽ የቀረውን ድንጋይ ብትሰኩበትም እንደ ባዶ ቆጥሮ ይሞላዋል፤ ትርፉ ሙቀት ነው። አንዳንድ ስካነሮችም ውስጣቸው ያለው መሙያ በሰዓት ቆጣሪ የሚሠራ ነው። ሰዓቱን በሜኑ የምትመርጡበት ሬዲዮ ከሆነ የድንጋያችሁን አቅም አይታችሁ አስተካክሉት።

የሚያስፈልጋችሁ እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው የሚለካና ሲሞላ የሚያቆም ቻርጀር ነው። እንዴት ይለያል? አንድ ድንጋይ ብቻ ብትሰኩበት ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱ ቀዳዳም የራሱ መብራት ወይም ቁጥር አለው። «ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ክተቱ» የሚለውን ተዉት። የመሙያ ፍጥነቱ ለዳብል ኤ ከ500 እስከ 1000 ሚሊአምፔር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ቻርጀሩ ድንጋዩ መሙላቱን የሚያሳየውን ትንሽ የቮልት ለውጥ ሊያመልጠው ይችላል፤ በጣም ከበዛ ድንጋዩ ይግላል። መጨረሻ ላይ ለብ ማለቱ ያለ ነው። በእጅ የማይያዝ ከሆነ ግን አውጡት።

እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ድንጋዩን ከሬዲዮው አውጥቶ በውጭ ቻርጀር መሙላት ነው። አንዱ ጥንድ ሲሞላ በሌላው ታዳምጣላችሁ፤ የሬዲዮው የዩኤስቢ ቀዳዳም በመሰካትና በመንቀል አይላላም።

እርምጃ 7፦ ድንጋዮቹን አጣምዱ

አዲስ ድንጋይ ከአሮጌ፣ አልካላይን ከኒኬል፣ አንዱን ብራንድ ከሌላው አትቀላቅሉ። ስካነር ውስጥ ድንጋዮቹ በተርታ የተያያዙ ናቸው። ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ ጠንካራው በግድ ይነዳዋል፤ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እስከ መገልበጥ ይደርሳል። ኒኬል አንዴ እንዲህ ከሆነ እንደ ቀድሞው አይመለስም።

አብረው የተገዙትን አብረው አኑሯቸው። በማይጠፋ እስክሪብቶ ጎናቸው ላይ ፊደልና የተገዙበትን ዓመት ጻፉ፦ «ሀ»ዎቹ አንድ ጥንድ፣ «ለ»ዎቹ አንድ ጥንድ። አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይሞላሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ድንጋዩ ዓመታት ያገለግለዋል።

የሬዲዮው የባትሪ ምልክት ማስጠንቀቅ ሲጀምር አጥፉትና ቀይሩ። «እስቲ እስኪሞት ልጠቀምበት» አትበሉ። ድንጋዩን ጨርሶ ማሟጠጥ ይጠቅማል የሚባለው ኒኬል ካድሚየም ከሚባለው ከድሮው የሚሞላ ድንጋይ የተረፈ ልማድ ነው።

እርምጃ 8፦ የራሳችሁን ሬዲዮ ሰዓት ለኩ

ስሌቱ ቀላል ነው። ሬዲዮው 200 ሚሊአምፔር የሚስብ ከሆነና ድንጋዩ 2000 የሚይዝ ከሆነ 10 ሰዓት ይሰጣል። ድንጋዮቹ በተርታ ስለተያያዙ ሁለት ስለሆኑ 20 አይሆንም፤ የሚደመረው ቮልቱ ነው። በተግባር ደግሞ ከስሌቱ ያንሳል።

ትክክለኛውን ለማወቅ ድንጋዩን ሞልታችሁ በተለመደው አጠቃቀማችሁ ክፈቱት፤ የጀመራችሁበትንና ማስጠንቀቂያው የመጣበትን ሰዓት ጻፉ። ከዚያ የስክሪኑን መብራት አጥፍታችሁ፣ በስፒከሩ ፈንታ ኢርፎን ሰክታችሁ ድገሙት። በድንጋይ ብራንድ ከምታገኙት ልዩነት ይልቅ ከዚህ የምታገኙት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። መብራቱ ቁልፍ ሲነካ ብቻ በርቶ እንዲጠፋ ማድረግ ብቻውን ለውጥ አለው።

አልካላይን ቀርቶት እንደሆነ ለማየት ቴስተር ይበቃል። ሳይሠራ ስትለኩት 1.5 ከሆነ ደህና ነው፤ 1.3 ከሆነ እየተሰናበተ ነው። ኒኬልን ግን በዚህ መንገድ መገመት አይቻልም፤ ግማሽም ሆነ ሩብ ቢቀረው የሚያሳየው ቁጥር ተቀራራቢ ነው። መሬት ላይ ጥሎ መሞከርም አለ፤ ያለቀ አልካላይን ይነጥራል። በ2015 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ፈትነው፣ መንጠሩ ግማሽ ገደማ ሲያልቅ ከፍ ብሎ እዚያው እንደሚቆም አሳይተዋል። ስለዚህ የነጠረ ድንጋይ አዲስ አይደለም እንጂ አልቋል ማለት አይደለም።

ብርድና ሙቀት

ሚኒሶታ ወይም ዴንቨር ያላችሁ፣ በጃንዋሪ ውጭ ቆማችሁ ስታዳምጡ አልካላይን በደቂቃዎች ሊዝል ይችላል። አልቆ አይደለም፤ ብርዱ ውስጡን አዘግይቶት ነው። ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ይመለሳል። ኒኬል ከአልካላይን ይሻላል፣ ሊቲየም ደግሞ ከሁለቱም። መለዋወጫውን ከውስጠኛው ኪሳችሁ፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙት።

ሙቀት ግን ከብርድ ይከፋል፤ ጉዳቱ አይመለስም። በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ስካነር አትተዉ። አልካላይን ያፈሳል፣ ኒኬል ይባክናል፣ ሊቲየም አዮን ያብጣል።

የአደጋ ቦርሳው

አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት የአየር ጠባይ ሬዲዮ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ ባሉ ሰባት ቻናሎች ቀን ከሌት ያስተላልፋል፤ አብዛኛው ስካነር ይይዘዋል። በሴፕቴምበር 2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ምዕራብ ሰሜን ካሮላይናን ሲመታ መብራትም ስልክም ጠፍቶ ብዙ ሰው ወሬ ያገኘው በሬዲዮ ነበር። መብራት በሌለበት ቻርጀር ጌጥ ነው። ስለዚህ ለዚህ ቀን የሚሆነው የማይሞላው ሊቲየም ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቅያሪ፣ ማሸጊያው ሳይከፈት። ሬዲዮው ውስጥ አታስቀምጡት፤ ከጎኑ አስቀምጡት። የማንሸራተቻዋንም ነገር አትርሱ፤ ሊቲየሙን ስትከቱ አልካላይን ላይ መሆን አለባት።

ድንጋይ ካፈሰሰ

ነጭ ዱቄት ወይም አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ሬዲዮውን አትጣሉት። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ድንጋዩን አውጥታችሁ ደረቁን ዱቄት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አራግፉ። ሬዲዮውን ዱቄቱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ዘቅዝቃችሁ ያዙት። አልካላይን ከሆነ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ነክራችሁ ሞላውንና የብረት መነካኪያውን ጥረጉ፤ ትንሽ ይንተከተካል። ዚንክ ካርቦን ከሆነ ኮምጣጤውን ትታችሁ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ ተጠቀሙ፤ የእሱ ፈሳሽ አሲድ ነው። ቀጥሎ በአልኮል የተነካ ጥጥ፣ ከዚያ አንድ ቀን ማድረቅ። ሞላው ጠቁሮ ከቀረ በቀጭን ሸካራ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጉት።

ከአንድ ወር በላይ የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን አውጡ። ኒኬልም ቢሆን።

ጉዞና አወጋገድ

ሻንጣ ስታዘጋጁ፣ ትርፍ ሊቲየም ድንጋይ፣ የሚሞላም ሆነ የማይሞላ፣ በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይግባ። ወደ ጭነት በሚላከው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። አልካላይንና ኒኬል በሁለቱም ይቻላል፤ ጫፋቸው ከቁልፍና ከሳንቲም እንዳይነካካ ግን በፕላስቲክ ሳጥን አስገቡት ወይም ጫፉን በፕላስተር ሸፍኑት። ሀገር ቤት ላሉ ዘመዶች የሬዲዮ ድንጋይ የምትወስዱም እንዲሁ አድርጉ፤ ለእነሱ ቻርጀር ከምትጨምሩበት ደግሞ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ እንዳለበት አረጋግጡ። 120 ብቻ የሚለው አዲስ አበባ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።

ያለቀ የሚሞላ ድንጋይ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። አሜሪካ ውስጥ ሆም ዲፖና ሎውስ መግቢያቸው አካባቢ መሰብሰቢያ ሳጥን አላቸው። አልካላይንን በብዙ ግዛቶች ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል ይቻላል፤ ካሊፎርኒያ ግን ይከለክላል።